ባንክ የሸጠባችሁን ቤት ስትለቁ፦ ምን ይነሣል? ምን ይቀራል?

«ቦይለሩን ልንቀለው ወይስ ልተወው?»

ይህ ጥያቄ በወር ሁለት ሦስቴ በስልክ ይመጣልኛል። አንዳንዱ መሰላል ላይ ቆሞ ነው የሚደውለው። ከኋላው የመፍቻ ድምፅ ይሰማኛል። አዳማ ውስጥ ቤት በመገመት ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ሜትር ይዤ ግድግዳ ስለካ ያየኝ ሰው ሁሉ ባንክ ቤቱን ሲሸጥበት ቁጥሬ ትዝ ይለዋል። መልሱን አንዴ ልጻፈውና ለሚቀጥለው ደዋይ ይህንኑ ልላክለት ብዬ ነው።

የማወራው ስለ አንድ ዓይነት ጉዳይ ብቻ ነው። ቤታችሁን ለባንክ ብድር አስይዛችኋል፤ መክፈል አልተቻለም፤ ባንኩ በሐራጅ ሸጦታል ወይም ሊሸጠው ነው። የቀበሌ ቤት፣ የፍቺ ክፍፍል፣ የውርስ ጭቅጭቅ ሌላ ነገር ነው። ቤቱን ለማስቀረት የምትታገሉ ከሆነም እሱን ከጠበቃ ጋር ተነጋገሩ። ይህ ጽሑፍ ካርቶን መሰብሰብ ለጀመረ ሰው ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት አጠገባችሁ ይኑር

- የብድርና የመያዣ ውሉ ኮፒ
- ባንኩ ያስገመተበት የግምት ሰነድ ኮፒ
- የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውና የሐራጅ ማስታወቂያው
- ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ፎቶ የሚያነሣ ስልክ
- ሁለት ዓይነት ቀለም ያለው ተለጣፊ ወረቀት
- ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መፍቻ፣ ቴስተር
- ናስትሮ፣ ቴፍሎን፣ የቧንቧ መድፈኛ ፕላግ
- ትንሽ ስቱኮና የግድግዳው ቀለም ቅሪት ካለ
- ካርቶን፣ ማዳበሪያ፣ ሲባጎ

ከእነዚህ ሁሉ የግምት ሰነዱ ይበልጣል። ካቻቢቴ ከጎረቤት ይገኛል።

1ኛ፦ ካቻቢቴውን አስቀምጡና ወረቀቱን አንብቡ

የግምት ሰነዱ ቤቱን በክፍል በክፍል ይዘረዝረዋል። መሠረት፣ ግድግዳ፣ ጣራ፣ ወለል፣ በርና መስኮት፣ የመብራት ሥራ፣ የቧንቧ ሥራ። ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ ሰው የማያነበው ክፍል አለ፤ አጥር፣ ሰርቪስ ቤት፣ ሴፕቲክ ታንክ፣ የውሃ ታንከርና ማማው የሚጻፉት እዚያ ነው። ሰነዱ ላይ ዋጋ ወጥቶለት የተጻፈ ነገር ሁሉ ይቀራል። ባንኩ ያበደረውም፣ የሐራጁ መነሻ ዋጋ የወጣውም በዚህ ዓይነት ዝርዝር ነው፤ ገዢውም ያንን ዝርዝር ይዞ ይመጣል።

በተቃራኒው «ሰነዱ ላይ አልተጻፈም፣ ስለዚህ የኔ ነው» ማለት አይሠራም። ገማች እያንዳንዱን ማብሪያ ማጥፊያ አይቆጥርም። እኔም ቆጥሬ አላውቅም።

ከዚያ የብድር ውሉን እዩ። አንዳንድ ሰው ከቤቱ ጋር ሌላ ነገርም አስይዟል፤ ግን ረስቶታል። የዳቦ ቤት ማሽን፣ የብየዳ ዕቃ፣ ጄኔሬተር፣ አንዳንዴም የንግድ መደብሩን እንዳለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147 ከመጣ ወዲህ የሚንቀሳቀስ ዕቃን አስይዞ መበደር የተለመደ ሆኗል። በውሉ የተያዘ ማሽን ጎማ ቢኖረውም አይነሣም። ከቤቱ ጋር ስላልተጣበቀ ብቻ የእናንተ ነው ማለት አይደለም።

2ኛ፦ ቀኖቹን ደብተር ላይ ጻፉ

በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንኩ በውሉ ላይ ይህ ሥልጣን ከተሰጠው ፍርድ ቤት ሳይሄድ ቤቱን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ግን ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ማስጠንቀቂያው የደረሳችሁን ቀን ጻፉ። ሐራጁ የሚካሄድበትን ቀን ጻፉ። ማስታወቂያው ላይ ብዙ ጊዜ ተጫራች የመነሻውን 25 በመቶ በሲፒኦ (ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ትእዛዝ) እንዲያስይዝ፣ አሸናፊውም ቀሪውን በ15 ቀን ውስጥ እንዲከፍል ይጻፋል። እነዚያንም ጻፉ። ሁለት ጊዜ ሐራጅ ወጥቶ ገዢ ካልመጣ ባንኩ ራሱ በመጀመሪያው መነሻ ዋጋ ቤቱን ሊወስደው ይችላል። ያን ጊዜ የምትረካከቡት ከባንኩ ጋር ነው።

ቀኑ ለምን ያስፈልጋል? የመኪና ኪራይ፣ አዲስ ቤት መፈለግ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ሁሉ በዚህ ስለሚታቀድ ነው። ሌላም ምክንያት አለ። ብዙ ሰው «እስከ ሐራጁ ቀን ቤቱ የኔ ስለሆነ የፈለግሁትን እነቅላለሁ» ይላል። ባለቤትነቱ እውነት ነው። ነገር ግን መያዣው የተቋቋመው ውሉ በተፈረመበትና በተመዘገበበት ጊዜ ነው። በሩም፣ መስኮቱም፣ መታጠቢያ ገንዳውም ያን ጊዜ ከቤቱ ጋር አብረው ተይዘዋል። የሐራጁ ቀን ለእነሱ አዲስ ነገር አያመጣም።

3ኛ፦ ክፍል በክፍል እየዞራችሁ ለጥፉ

ሁለቱን ተለጣፊ ወረቀቶች ያዙ። ቢጫው «ይነሣል»፣ ቀዩ «ይቀራል» ይሁን። ያልለጠፋችሁበት «ይጠየቃል» ነው። ከበር ጀምሩና ግድግዳ ግድግዳውን ይዛችሁ ዙሩ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ጠቡ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

መለያው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ አለ። ከቁጥር 1131 እስከ 1138 ያለውን በሰው ቋንቋ ስነግራችሁ ሦስት ጥያቄ ይሆናል።

አንደኛ፦ ስትነቅሉት ቤቱ ላይ ቁስል ይተዋል? ቤቱን ሳያበላሽ የማይወጣ ነገር የቤቱ አካል ነው። በልማድ እንደ ቤቱ አካል የሚቆጠርም እንዲሁ።

ሁለተኛ፦ ለብቻው ቢነሣ እንኳ፣ ያስቀመጣችሁት ለዚህ ቤት አገልግሎት በቋሚነት ነው? ቁልፍ በቀላሉ ኪስ ውስጥ ይገባል። ግን ያለ በሩ ምን ያደርጋል? እንዲህ ያለው ዕቃ አጠራጣሪ ከሆነ ቤቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ ውላችሁ ሌላ ካላለ በስተቀር።

ሦስተኛ፦ ለጊዜው ነው የወጣው? የግቢውን በር ለብየዳ ሱቅ ሰጥታችሁት ከሆነ በሩ እዚያ ቆሞም የቤቱ ነው። «ሐራጁ ዕለት ቤቱ ላይ አልነበረም» ብላችሁ ልትሸጡት አትችሉም።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ እንሂድ።

*ሳሎንና መኝታ ቤት።* ሶፋ፣ ቡፌ፣ አልጋ፣ ምንጣፍ፣ ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ ቢጫ ነው። ማንም አይጠይቃችሁም። ራሱን ችሎ የቆመ ቁምሳጥን ይነሣል። ግድግዳ ውስጥ የተሠራው ይቀራል፤ በሮቹም አብረው ይቀራሉ። «በሮቹን ብቻ» ብሎ የወሰደ ሰው አይቻለሁ። አዲሱ ቤት ውስጥ የት ሊገጥማቸው እንዳሰበ እስካሁን አልገባኝም። መጋረጃው ይነሣል። የመጋረጃው ብረት ላይ ብዙ ሰው ይከራከራል። እኔ ብሆን እተወዋለሁ፤ የሁለት ሜትር ብረት ስድስት ቀዳዳ ጥሎ ይሄዳል።

*ፋንና ኤሲ።* አዳማ ስለሆንን ይህ ዋና ጥያቄ ነው። የቆመ ፋን ይነሣል። ኮርኒስ ላይ የተሰቀለው ግን ከመብራት መስመሩ ጋር ስለተያያዘ መጀመሪያ የግምት ሰነዱን እዩ። እዚህ ላይ እኔም ተሳስቻለሁ። አንድ ዘመዴ ደውሎ ሲጠይቀኝ ሰነዱን ሳላይ «ያንተ ነው፣ አውርደው» አልኩት። አራት ፋን አወረደ። ሰነዱ የመብራት ሥራ ክፍል ውስጥ አራቱም አንድ በአንድ ተጽፈው ነበር። ገዢው መጥቶ ቆሞ እያየው፣ በዚያ ሙቀት መሰላል ላይ ወጥቶ መልሶ ሰቀላቸው። እስካሁን በበዓል ስንገናኝ ያነሣብኛል። ግድግዳ የተበሳለት ባለ ሁለት ክፍል ኤሲም ቢሆን ሳይጠየቅ አይነካም። እንድትወስዱ ከተፈቀደላችሁ ጋዙን መሰብሰብ የሚችል ባለሙያ ጥሩ። ቱቦውን በፒንሳ ቆርጦ ማውረድ ማሽኑን መግደል ነው።

*ወጥ ቤት።* ምድጃ፣ የእንጀራ ምጣድ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ ዕቃ መደርደሪያው ይነሣል። ግድግዳ ላይ የታሰረ የወጥ ቤት ካቢኔት፣ ከነእብነ በረዱና ከነሲንኩ ይቀራል። «ካቢኔቱን ያሠራሁት ከብድሩ በኋላ ነው፤ ባንኩ አያውቀውም» የምትሉ ትኖራላችሁ። ልዩነት አያመጣም። ከብድሩ በኋላ ያነጠፋችሁት ሴራሚክ፣ የጨመራችሁት ሰርቪስ ክፍልም ያው ነው። ከቤቱ ጋር አንድ ሆኗል።

*መታጠቢያ ቤት።* የመቀመጫው ሽንት ቤት፣ ገንዳው፣ ሻወሩ፣ ቧንቧዎቹ ቀይ። ቦይለሩም ቀይ። ግድግዳ ላይ ታስሮ ከውሃውም ከመብራቱም ጋር ተገናኝቷል። እንግዲህ የስልኩ ጥያቄ መልስ ይኸው። የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ግን በሶኬትና በቱቦ ብቻ ስለተያያዘ የእናንተ ነው።

*ጣራና ግቢ።* ሮቶው ማማ ላይ ተቀምጦ ቤቱን የሚያጠጣ ከሆነ ይቀራል፤ ፓምፑም አብሮት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ታንከር የሌለው ቤት ቤት አይደለም፤ ገዢው መጀመሪያ የሚያንኳኳው እሱን ነው። ግቢ ጥግ ላይ ውሃ ለማጠራቀም የቆመ ልቅ በርሜል ግን የእናንተ ነው። የዲሽ ሳህኑና ሪሲቨሩ ይነሣል። ካሜራና መቅጃው ይነሣል፤ በግድግዳ ውስጥ ያለፈው ገመድ ይቀራል። የሚጎተት ጄኔሬተር ይነሣል። የበር ሪሞት፣ የጋራዥ ቁልፍ፣ የታንከሩ ክዳን ይቀራል።

ግቢ ውስጥ የተከመረ ብሎኬት፣ ያልተሠራበት ፌሮ፣ ያልተከፈተ ሴራሚክ ካለ ገና የቤቱ አካል አልሆነም። በውሉ ካልተያዘ ውሰዱት። ከተነጠፈው ዓይነት ሁለት ሦስት ሴራሚክ ብትተዉ ግን ለገዢው ትልቅ ነገር ነው፤ እሱም በርክክቡ ዕለት ፊቱ ይፈታል።

*ዛፍ።* ማንጎውን በእጃችሁ ተክላችሁት ሊሆን ይችላል። ሕጉ ግን ዛፍም ሰብልም ከመሬቱ እስኪለይ ድረስ የመሬቱ አካል ነው ይላል። ስለዚህ አይነቀልም፣ አይቆረጥም። በቀለም ጣሳ ያለው ጤና አዳም፣ በማሰሮ ያለው አበባ ይነሣል። ከጽጌረዳው አንድ ቅንጣቢ ቆርጣችሁ በእርጥብ ጨርቅ ብትጠቀልሉ የሚከሳችሁ አላየሁም።

*ቆጣሪ።* የመብራቱም የውሃውም ቆጣሪ የአገልግሎት ሰጪው ንብረት ነው። የእናንተም የገዢውም አይደለም። ማኅተሙን አትንኩ።

ውሻውን አትርሱ። የሰው ስጦታ እየመሰለ ግቢ ውስጥ የቀረ ውሻ ከአንድ ጊዜ በላይ ገጥሞኛል።

4ኛ፦ ያልተለጠፈበትን በጽሑፍ ጠይቁ

ወረቀት ያልለጠፋችሁበትን ዕቃ ሁሉ በአንድ ገጽ ዘርዝሩና ለባንኩ ቅርንጫፍ በማመልከቻ አስገቡ። ገዢው ከታወቀ ለእሱም አንድ ኮፒ ስጡት። ማመልከቻው አጭር ይሁን፦

«በሐራጅ የተሸጠውን/የሚሸጠውን ቤት ለመልቀቅ በዝግጅት ላይ ነኝ። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ዕቃዎች በመያዣው ውስጥ መካተት አለመካተታቸው በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።»

ኮፒያችሁ ላይ «ተቀብያለሁ» የሚል ፊርማ፣ ማኅተምና ቀን አስደርጉ። በቃል «ውሰደው፣ ምን ችግር አለው» ያላችሁ የባንክ ሠራተኛ በወሩ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ይዛወራል። ፋይሉ ውስጥ የሚቀረው ወረቀት ብቻ ነው።

አዳማ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የከተማው መሥሪያ ቤቶችና ፍርድ ቤቱ የሚሠሩት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ የባንኩ ወረቀት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ነው። የዕቃ ዝርዝራችሁን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ብታዘጋጁት ነገ ነገሩ ቀበሌ ወይም ችሎት ቢደርስ አስተርጓሚ ፍለጋ አትሯሯጡም። ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች በአንድ ቀን ይጨርሱላችኋል።

5ኛ፦ ምንም ሳትነኩ ፎቶና ቪዲዮ አንሡ

እያንዳንዱን ክፍል ከአራቱም ማዕዘን አንሡ። ቧንቧ ክፈቱና ውሃ ሲወርድ ቅረጹ። መብራት አብሩና አጥፉ። ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር ቀርባችሁ አንሡ። ቀድሞ የተሰነጠቀ ግድግዳ፣ የፈሰሰ ኮርኒስ ካለም አትዝለሉት።

እናንተ በወጣችሁና ገዢው በገባበት መሐል ቤቱ ባዶ የሚያድርባቸው ቀናት አሉ። በእነዚያ ቀናት የመስኮት መስታወት ይሰበራል፣ የመብራት ገመድ ይሰረቃል። ያኔ ጣት ወደ እናንተ ይቀሰራል። ቪዲዮው ቀኑ ያለበት መልስ ነው። ስልክ ይጠፋልና ለሌላ ሰውም በቴሌግራም ላኩት።

6ኛ፦ የእናንተ የሆነውን በወጉ ንቀሉ

ከመብራት ጋር የተያያዘ ማንኛውንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ብሬከሩን አጥፉ። ከዚያ በቴስተር አረጋግጡ። ብሬከሩ ላይ የተጻፈው ስም ሁልጊዜ እውነት አይደለም፤ «ሳሎን» የተባለው ወጥ ቤቱን ሲያጠፋ አይቻለሁ። የወጣውን የሽቦ ጫፍ አንድ በአንድ በናስትሮ ጠቅልሉ። ሁለቱን አንድ ላይ አትጠቅልሉ። የሚያምር የሳሎን መብራት እንድትወስዱ ተስማምታችሁ ከሆነ በቦታው ተራ አምፖል ስቀሉ፤ ገዢው በጨለማ ቤት አይረከብ።

ውሃ ያለበት ላይ ዋናውን ሳራቺኔስካ (የውሃ መዝጊያውን) ዝጉ፣ ቧንቧ ከፍታችሁ የቀረውን አፍስሱ፣ ከዚያ ንቀሉ። ክፍት የቀረውን አፍ በቴፍሎንና በፕላግ ድፈኑ።

ይህን ያልኩበት ምክንያት አለኝ። አንድ ፎቅ ቤት ከባለቤቱ መውጣት በኋላ እንደገና ልገምት ገባሁ። ላይኛው መታጠቢያ ቤት የእጅ መታጠቢያው ተነቅሏል። የቧንቧው አፍ እንዲሁ ክፍት ነው። ሲነቀል ውሃ አልነበረም፤ ፈረቃው ሲደርስ መጣ። ሁለት ቀን ፈሰሰ። ከታች የሳሎኑ የጂፕሰም ኮርኒስ እንደ ረጠበ እንጀራ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ጠርዙ ላይ የቀረው አሁንም ያንጠባጥባል። ፓርኬው ተነሥቶ እንደ ጣራ ቆርቆሮ ተጣሟል። ሰውዬው የወሰደው አንድ መታጠቢያ ነው። እኔ ከግምቱ የቀነስኩት ኮርኒስ፣ ቀለም፣ ወለልና የመብራት መስመር ነው።

ቴሌቪዥን መስቀያው ሲነሣ ፊሸሩን አውጡና ቀዳዳውን በስቱኮ ሙሉት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ዲሹን ጠዋት አውርዱ። ኮረብታዎቹ ላይ ያሉትን ተርባይኖች የሚያዞረው ነፋስ ከሰዓት ላይ ጣራችሁንም አያልፈውም፤ ሳህን ይዞ ጣራ ላይ የቆመ ሰው ሸራ ማለት ነው። ሁለት ሰው ሁኑ።

ፍሪጁን ከአንድ ቀን በፊት ነቅላችሁ አሟሙት፣ አድርቁት። ቆሞ ይጓዝ። አዲሱ ቤት ስትደርሱ ወዲያው ሶኬት ላይ አትሰኩት፤ ጥቂት ሰዓት ይረፍ። ተንጋሎ ከተጓዘማ የኮምፕረሰሩ ዘይት እስኪመለስ የበለጠ ጊዜ ስጡት። የጋዝ ሲሊንደር አፉ ተዘግቶ፣ ቆሞ፣ ክፍት መኪና ላይ ይጫን። ልጆች ከተቀመጡበት ባጃጅ ውስጥ አይገባም።

7ኛ፦ ተከራይና ቢል

ሰርቪስ ቤት ተከራይ ካለ ዛሬውኑ ንገሩት። የእሱ አልጋና ምድጃ የእሱ ነው፤ ለእናንተ ዕዳ አይያዝም። ዕቃውን ለይቶ በዝርዝር ይጻፍና ይፈርም። ያልተኖረበት ኪራይ ተቀብላችሁ ከሆነ መልሱለት።

የመብራትና የውሃ ዕዳውን ዝጉና ደረሰኙን ያዙ። ቆጣሪው ባለ ካርድ ከሆነ ከመውጣታችሁ በፊት ብዙ አትሙሉ። የኢንተርኔት መስመሩ በስማችሁ ስለሆነ አዛውሩት ወይም አስቋርጡት። አለዚያ የሌላ ሰው ቢል ትከፍላላችሁ።

8ኛ፦ ጫኑ

በቀን ጫኑ። በሌሊት አይሱዙ አስገብቶ መጫን፣ የያዛችሁት የገዛ አልጋችሁ ቢሆን እንኳ፣ ሽሽት ይመስላል። ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል። የምትጭኑትን ከዝርዝሩ ጋር እያመሳከራችሁ ምልክት አድርጉ። ቀይ ወረቀት የተለጠፈበት ዕቃ መኪናው ላይ ካያችሁ ጫኚው አላነበበም ማለት ነው፤ አስወርዱት። ትንንሹን ዕቃ ለጋሪ መስጠት ይቻላል፤ ሰነድ፣ የልጆች ካርድና ወርቅ ግን ከእጃችሁ አይውጣ።

9ኛ፦ ቁልፉን በፊርማ አስረክቡ

ቁልፉን ለዘበኛ ሰጥታችሁ አትሂዱ። የባንኩ ተወካይ ወይም ገዢው፣ እናንተና ሁለት ምስክር ሆናችሁ ቤቱን ዙሩ። የርክክብ ቃለ ጉባኤው ላይ እነዚህ ይጻፉ፦ ቀንና ሰዓት፣ የቁልፍ ብዛት፣ የሁለቱ ቆጣሪዎች ቁጥር፣ ቤቱ ውስጥ የቀሩት ዕቃዎች ዝርዝር፣ ቀድሞ የነበረ ጉዳት። ሁሉም ይፈርም። ከዚያ ሰዓት በኋላ የጠፋ ነገር የእናንተ ጥያቄ አይደለም።

ዕቃ ቢቀርባችሁ ከርክክቡ በኋላ አጥር ዘልላችሁ አትግቡ። በጽሑፍ ጠይቁ።

ማስጠንቀቂያ

- ለባንክ የተያዘን ንብረት ሆን ብሎ ማበላሸት ወይም መሸጥ በወንጀልም በፍትሐ ብሔርም ያስጠይቃል። «የራሴ ቤት ነው» መልስ አይሆንም።
- በንዴት የተሰበረ ገንዳ የሚጎዳው ባንኩን አይደለም። ተጫራች ከሐራጁ በፊት ቤቱን ያያል። የተቦጨቀ ሽቦ ካየ ዋጋ ይቀንሳል። ሽያጩ ዕዳውን ካልሸፈነ ቀሪው ከእናንተ ይፈለጋል። ከተረፈ ደግሞ ትርፉ የእናንተ ነው። የሰበራችሁት ከራሳችሁ ኪስ ነው።
- መብራቱን ከቆጣሪው በፊት ለማቋረጥ አትሞክሩ። እዚያ ብሬከር አያድናችሁም።
- ባንኩ ማስጠንቀቂያውን በአግባቡ አልሰጠም ብላችሁ ካመናችሁ ቤቱን ማፍረስ ክርክራችሁን ያዳክማል። አዋጁ ባንኩ ሥርዓቱን ጥሶ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል። ደብዳቤዎቹን ይዛችሁ ጠበቃ ጋ ሂዱ።

ሰው በብዛት የሚሳሳትበት

«ደረሰኙ በስሜ ነው።» የበሩ ደረሰኝ በስማችሁ መሆኑ በሩን ከቤቱ አይለየውም።

«በርካሽ ለውጬ ጥሩውን ልውሰድ።» የእንጨት በር አውጥቶ ላሜራ መግጠም፣ የመዳብ ገመድ ስቦ ቀጭን መተካት። ገማች ሁለተኛ ሲመጣ ፎቶ ይዞ ነው የሚመጣው።

«ዘመድ ቤት ላቆየው።» ያው የወጣ በር ነው፤ የትም ቢቆም የቤቱ ነው።

«ሁሉንም ልተወው፣ ጣጣ አልፈልግም።» ይህም ስሕተት ነው። ተናደውና አፍረው አልጋቸውን ሳይቀር ጥለው የሚወጡ አሉ። ቢጫ የተለጠፈበት ሁሉ የእናንተ ነው፤ ለቀጣዩ ቤት አንድ ብር ሳታወጡ የምትገቡበት ዕቃ ነው። ውሰዱት።

ከወጣችሁ በኋላ የቀረች አንዲት ሥራ

ገዢው ከፍሎ እንደጨረሰ ባንኩ የሽያጩን ሂሳብ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ አመልክቱ፦ ቤቱ በስንት ተሸጠ፣ ለዋናው ብድርና ለወለድ ስንት ተቆረጠ፣ ለሐራጁ ወጪ ስንት ሄደ፣ ምን ተረፈ ወይም ምን ጎደለ። አዲሱን አድራሻችሁንና ስልካችሁን ማመልከቻው ላይ ጻፉ። አሮጌው ቤት የሚላክ ደብዳቤ ከእንግዲህ አይደርሳችሁም።